ችካልን አጽንቶ የሚያቆመው ሹሉ አይደለም

ለቲማቲም መደገፊያ ወይም ለጓሮ አጥር ችካል የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ድካሙን ጫፉ ላይ ያፈሳል። «ሹሉ በረዘመ ቁጥር ችካሉ ይጸናል» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የሾለ እንጨት በጥቂት ምት ሲሰምጥ ይታያል፣ በቀላሉ የገባም ጠንክሮ የቆመ ይመስላል። መግባትና መቆም ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሹሉ የሚያገለግለው ችካሉ እየተመታ ሳለ ነው፤ መዶሻው ሲቀመጥ የሹሉም ተግባር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ችካሉን የሚይዘው ሲገባ ዙሪያውን የጨመቀው አፈር ስለሆነ፣ ጽናቱን የሚወስነው የተቀበረው ክፍል ርዝመትና ውፍረት ነው።

ፍሬ ያንዠረገገ ቲማቲም የተሸከመ ችካል ነፋስ ሲገፋው ራሱ ወደ ነፋሱ መሄጃ ያዘነብላል፤ ከመሬት በታች ያለው ጫፍ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ አፈሩን ይገፋል። እዚያ ታች ያለው እንጨት ወፍራም ከሆነ አፈሩ ይመክተዋል። እንደ መርፌ ከቀጠነ ግን አፈሩን እየሰነጠቀ ያልፋል፣ ችካሉም ይጋደማል። 40 ሴንቲ ሜትር ከተቀበረው ውስጥ 20ው ሹል ከሆነ፣ ጥርቡ ያባከነው የችካሉን ዋና መቆሚያ ነው። ረዥም ሹል ድንጋይ ሲነካም ይሰበራል፣ ወይም እንደ መጥረጊያ ይበተናል። በአንድ ወገን ብቻ የተጠረበ ችካል ደግሞ ሲመታ ወደ ጎን ይሸሻል። 4 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር እንጨት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሹል ይበቃል፤ ከአራት ወገን እኩል ተጠርቦ ጫፉ ትንሽ ደነዝ ቢል ይመረጣል። በበጋ የደረቀ መረሬ እንዲህ ያለውን ችካል አያስገባም የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም ይከብዳል። መፍትሔው ግን በዲጂኖ ከችካሉ የጠበበ ቀዳዳ መክፈት ነው። ደግሞም መረሬ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ የያዘውን ስለሚለቅ፣ እዚያ ጥልቀት በተለይ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እምነት ሹሉን በእሳት ለብለብ ማድረግ እንጨቱን ከመበስበስ ያድነዋል ይላል። ከሰል ራሱ አይበሰብስም፤ እምነቱን ያቆየውም ይህች እውነት ናት። ነገር ግን የለበለቡት እንጨት የሚከስለው ላዩ ብቻ ነው፤ ያ ስስ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ ውኃና ምስጥም በስንጥቁ ይገባሉ። ከዚህ የሚበልጠው ስህተት የቦታው ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ አየርም እርጥበትም ይፈልጋል። ጥልቁ አፈር ውስጥ አየሩ ያንሳል፣ ከመሬት በላይ እንጨቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ሁለቱ የሚገናኙት መሬቱ ወለል ላይና ከሥሩ ባለው አንድ ስንዝር ያህል ነው። የበሰበሰ ችካል ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያው ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም አይመከርም፤ ወደ እንጨቱ ጠልቆ አይገባም፣ ከባድ ብረቶችና ሌሎች ጎጂ ነገሮችን ይዞ አትክልት ወደሚበቅልበት አፈር ይሄዳል። ለብዙ ዓመት አጥር የጽድ ልብ እንጨት ይሻላል፤ ነጩ የውጭ ክፍሉ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ለቲማቲምማ ልጡ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ምርቱ ሲያልቅ ነቅሎ ደረቅ ቦታ ማኖር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

«እንጨት ተገልብጦ ከተተከለ ውኃ አይስብም» የሚሉም አሉ። ለደረቀ እንጨት የላይና የታች ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሕያው አጥር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ተቆርጦ የተተከለ የኮርች ቅርንጫፍ ሥር የሚያወጣው ከግንዱ በኩል ከነበረው ጫፍ ነው። እዚህ ላይ ሹል አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ገና ሲቆረጥ የታችኛውን ጫፍ ብቻ ማሾል የቱ ወደ መሬት እንደሚገባ ያሳያል። መትከያውን ጉድጓድ ግን አስቀድሞ መክፈት ይገባል፤ በመዶሻ ከተመታ ሥር የሚያወጣው ልጥ ይላጣል።