«ቴርሞስታቷ ወጥቷል» የተባለች መኪና በጋይንት ዳገት

መኪና ሻጭ «ውሃ አታፈላም፤ ቴርሞስታቷን አስወጥቻለሁ» ሲል ደስ የሚለው ገዢ ጥቂት አይደለም። በተለይ መኪናዋ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጋይንት በሚወጣው መንገድ ድንች፣ ገብስና ባቄላ ስታመላልስ የኖረች አይሱዙ ከሆነች ደላላው ይህንኑ እንደ ምስክር ወረቀት ያቀርበዋል። ዳሩ ግን ይህ አባባል ዋጋ የሚያስቀንስ እንጂ የሚያስጨምር አይደለም።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለ ትንሽ በር ነው። ውስጡ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ አብጦ በሩን ይገፋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ተዘግቶ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። በላዩ የተቀረጸው ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ፣ ሲደርስ መከፈት ይጀምርና 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ይህ በር ሲወጣ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል። ነፋስ መውጫ ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም፤ በዚያ ብርድ ሳይሞቅ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ያጨሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ላይ የሚደርሰው ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በታችኛው ጫፉ የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ግን ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተደረገው ነገር ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ያሞቃል ማለት ነው።

ለመሆኑ በዚህ አካባቢ ውሃ ቶሎ የሚፈላው ለምንድነው? ጉዳዩ የከፍታ ነው። ወደብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ላይ በ94 ገደማ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነችው ነፋስ መውጫ ደግሞ በ90 ገደማ። በዓባይና በበሽሎ ሸለቆ በኩል ከስማዳ ቆላ ጭኖ የሚወጣ መኪና ታች ሙቀቱን፣ ላይ ደግሞ የአየሩን መሳሳት ይጋፈጣል። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ እዚያው ነፋስ መውጫ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው የደረቀ፣ ሞላው የላላ ክዳን ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ መከፈት ከጀመረ ከ8 ዲግሪ በኋላ ውሃው መንተክተክ ይጀምራል። ስለዚህ ጥፋቱ የክዳኑ ሆኖ ሳለ ተፈርዶበት የሚወጣው ቴርሞስታቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። መካኒኮች ቴርሞስታትን በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ከትተው ይፈትናሉ። ዘዴው ጥሩ ነው። ነገር ግን ጋይንት ላይ የድስቱ ውሃ ከ90 አያልፍም፤ ስለሆነም ጤነኛ የሆነው ባለ 82 ግማሹን ያህል ብቻ ይከፈታል፤ ባለ 88 ደግሞ ቢከፈት ቢከፈት ጭላንጭል ነው። ይህን አይቶ «አይሠራም» ብሎ መጣል ደህና ዕቃ መጣል ነው። ጨርሶ የማይነቃነቅ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖም ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ ግን ይቀየር።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ክዳን የከፈተ ፊቱን ያቃጥላል። ውሃው ከቴርሞስታቱ ቤት በታች እስኪሆን ይቀነስ፣ ብሎኖቹ ይፈቱ፣ የድሮው ጓርኒሲዮን ተፍቆ ይጽዳ። አዲሱ ሲገባ ሞላው ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን። የወንዝ ውሃ ዝገትና ደለል ስለሚያመጣ ንጹሕ ውሃና አንቲፍሪዝ እኩል በእኩል ቢደባለቅ ይመረጣል። በጉና ሥር ሌሊት ለሚያድር መኪናም ከውርጭ ይከላከላል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው አየሩን ማስወጣት ላይ ነው። ቴስታታው ውስጥ አየር ከቀረ ቴርሞስታቱ ትኩሱን ውሃ አያገኘውምና አይከፈትም፤ የሙቀት ጌጁም አየር ላይ ቆሞ ደህና ነው ይላል። ሾፌሩ ሳያውቀው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ዳገት እንዲሆን ያቁሟት (ዳገት እንደሆነ በእስቴም በጋይንትም አይታጣም)። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ካለ ሙቅ ላይ ይደረግ፤ የአየር ማስወጫ ብሎን ካላትም ይላላ። ውሃው ቀስ እያለ ይሞላ። ከዚያ ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፣ የላይኛው ጎማ ቱቦ አልፎ አልፎ ይጨመቅ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፣ አረፋም ይወጣል። አረፋው እስኪያቆም እየሞሉ መጠበቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንደገና ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎድሎ ይገኛል።

መንገድ ላይ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታትን አውጥቶ እስከ ደብረ ታቦር መድረስ ያለ ነው፤ አያስነቅፍም። እንዲያ ሆኖ ዓመት መሥራቱ ነው ችግሩ። መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን እንዳያሞቅ ይንገረው። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነስቶ የላይኛውን ቱቦ በእጁ ይያዝ። ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ለብዙ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሞቀ ግን ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ድርድሩ ከዚያ ይጀመር።