ክዳንና መተንፈሻ

ካምቢዮው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ የተሰቀለ ኮሮላ ነበር። ሞተሩ 5ኤ፣ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁለቱንም ጊዜ የተነገራቸው አንድ ነው፤ "የኋላ ኦይል ሲል ነው፣ ጋሼ።" ሁለቱንም ጊዜ ከፍለዋል። እኔ ጋ ሲመጡ ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር እንደ ድሮው ይንጠባጠባል። "ልጄ፣ ካምቢዮውን አታውርድብኝ እንጂ የፈለግከውን አድርግ" አሉኝ።

ማውረድም አላስፈለገም። በ5ኤ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ያለው በቴስታታው ጫፍ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። የእሱ ኦሪንግ ሲደርቅ ዘይቱ በብሎኩ ጎን ተንሸራቶ ይወርድና የኋላው ሲል ያፈሰሰ ይመስላል። ከላይ ጀምሮ በጣት እየዳበሰ የወረደ ሰው አይስተውም፤ መኪናው ሥር ተኝቶ ወደ ላይ ያየ ግን ካምቢዮ ያወርዳል። ኦሪንጉን ቀየርኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ኦሪንጉ አይደለም። ከቫልቭ ክዳኑ ላይ የመተንፈሻ ቫልቩን ነቅዬ ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት። ደህና ከሆነ ውስጡ ያለችው ፍሬ ጠቅ ጠቅ ትላለች። ይሄኛው በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ጭጭ ብሏል። ሁለት ጊዜ ካምቢዮ ያወረዱ እጆች ይህችን በጣት የምትነቀል ቫልቭ አልነኳትም። እሷን ሳይቀይሩ አዲስ ኦሪንግ ማስገባት ደግሞ ለሚቀጥለው መፍሰስ ቀጠሮ መያዝ ነው።

በዚህ ሥራ የሚያሰለቸኝ ይህ ነው። ሞተር ሲያፈስ ባለቤቱም መካኒኩም የሚያዩት የሚንጠባጠብበትን ቦታ ነው። ጋስኬቱ አርጅቷል፣ ሲሉ ደርቋል፣ ሲሊኮን ይቀባ። ፈሳሹን ምን ገፍቶ እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም። ሞተር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቤቶች አሉ። የውሃው ቤት ግፊት እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው፤ የዘይቱ ቤት ደግሞ ግፊት እንዳይጠራቀምበት። እኛ ሁለቱን ገልብጠን እንይዛቸዋለን። ውሃው ግፊቱን ሲያጣ ዝም እንላለን፣ የዘይቱ ቤት ሲነፋም ዝም እንላለን፤ ከዚያ የወጣውን ፈሳሽ በጨርቅ እየጠረግን ጋስኬት እንገዛለን።

ከዘይቱ ልጀምር። የዘይት ፓምፑን ግፊት አይደለም የምለው፤ እሱ ሌላ ነው። ሞተር ሲሠራ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፋሻዎቹ በኩል ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ያሾልካል። ያ ጋዝ በመተንፈሻው በኩል ተስቦ እንደገና ወደ ሞተሩ ገብቶ ይቃጠላል። መተንፈሻው ሲደፈን መውጫ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ደካማውን ጎማ ነው። አዲስ ሲል ስታስገባለት ቀጥሎ ያለውን ደካማ ያገኛል። ባለቤቱ ታዲያ "ይሄ ሞተር አንዱን ስትደፍነው በሌላው ያፈሳል" ይላል። ልክ ነው፣ ያፈሳል።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወረቀት ማስቀመጥ ነው። በቀስታ ወደ ታች ከተሳበ መተንፈሻው ይሠራል። ከዘለለ ወይም ቫልቩ ተደፍኗል፣ ወይም ፋሻው አልቋል። ቫልቩን ቀይረህም ወረቀቱ ከዘለለ ያኔ ስለ ሞተር ማውረድ እንነጋገራለን፤ ከዚያ በፊት ግን አይደለም።

ስለ ሲሊኮን ብዙ ማለት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ በዳር ተርፎ የሚታየው ያህል በውስጥ በኩልም ይተርፋል። የውስጡ ተቆርሶ ዘይቱ ውስጥ ይወድቅና ሄዶ የዘይት ፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ከአንድ ቪትዝ ያወጣሁት ወንፊት ግማሹ በቀይ ሲሊኮን ተሸፍኖ ነበር። መፍሰሱ ቆሞለታል፣ ሞተሩም አብሮ ሊቆም ነበር።

ወደ ውሃው ስንመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚህ ጋ ሁሉም ሰው አዋቂ ነው። "አዲስ አበባ ብርድ አገር ነው፤ ኩላንት ምን ያደርጋል? ቴርሞስታቱንም አውጣው፣ ለበረሃ ነው የሚያስፈልገው።" ይህን ከታክሲ ሹፌርም ከኢንጂነርም ሰምቻለሁ። እኔ የምመልሰው ስለ ባቄላ ነው። እዚህ ከተማ ባቄላ ለምን በፕሬዠር ኩከር ይቀቀላል? ከፍታችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፏል፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጣርማ በር ላይ ከዚህም ይወርዳል። የራዲያተር ክዳን ሥራው የኩከሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ፤ ያን ያህል ግፊት ሲይዝ ተራ ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላላ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምር። በብዙዎቹ የ5ኤ ዘመን ቶዮታዎች የራዲያተሩን ፋን የሚያስነሳው ስዊች የሚሠራው 93 ዲግሪ ላይ ነው። ክዳኑ የሞተ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ ያለ መኪና በዚሁ በሞተ ክዳን እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል። የብርዱ አገር ሰው ከበረሃው ሰው ይበልጥ ጥሩ ክዳን ያስፈልገዋል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ክዳን ትንሽ ዕቃ ስለሆነች ትልቅ ችግር የምታመጣ አትመስልም።

ክዳኗ ሁለት ቫልቭ አላት። ሁለተኛው፣ መሐሏ ላይ ያለው ትንሹ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ውሃ መልሶ የሚስበው ነው። መጠባበቂያው ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ ወይም ጠዋት ላይ የላይኛው ጎማ ተጨፍልቆ ከተገኘ እሱን ጠርጥሩ። ደግሞ "ካልያዘ ጠንካራውን ስጠኝ" ብሎ 0.9 በተጻፈበት ፋንታ 1.1 የሚገዛ አለ። ያረጀ የፕላስቲክ ጆሮ ያለው ራዲያተር ይህን አይችልም፤ በጠርዙ በኩል ይሰነጠቃል።

ቴርሞስታት ማውጣትን በተመለከተ የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ራሱ፣ ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢኖረውም አይውጣ ይላል። በ5ኤ ሞተር ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚዞርበት አቋራጭ አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን መንገድ እየከፈተ አቋራጩን ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ምንጊዜም ክፍት ነው፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው ጠዋት ሙቀት አያገኝም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል።

የጠዋቱ ብርድ ነው ታሪኩን ወደ መተንፈሻው የሚመልሰው። በሐምሌ ከሃያ ሁለት መገናኛ እየተመላለሰ የሚውል፣ ቴርሞስታት የሌለው መኪና ዘይቱ መቼም በቅጡ አይሞቅም። ሾልኮ የወረደው ጋዝ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሳይወጣ ቀርቶ ከዘይቱ ጋር ይቦካል። የዘይት ክዳኑን ስትከፍተው ነጭ ክሬም የመሰለ ነገር ታገኛለህ። ያው ዝቃጭ የመተንፈሻ ቫልቩን ይደፍናል፤ ከዚያ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። መካኒኩ ግን ነጩን ክሬም አይቶ "ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ ጋስኬት ነው" ብሎ ቴስታታ ይፈታል። ቴስታታው በተፈታ ቁጥር ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ በሄደ ቁጥር ይላጣል፤ እየሳሳ መጥቶ የማይላጥበት ቀን ይመጣል። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ክዳኑ ሥር ብቻ ክሬም ካለ ቁልፉን አስቀምጡና መጀመሪያ የውሃውን ቤት በእጅ ፓምፕ ነፍታችሁ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ያዙት። መርፌው ካልወረደ ጋስኬቱን ለመወንጀል ማስረጃ የላችሁም። ይህ መሣሪያ ከአንድ የቴስታታ ሥራ ክፍያ አይበልጥም፤ ሆኖም ስንት ጋራዥ ውስጥ እንዳለ ሄዳችሁ እዩ።

"አንቲፍሪዝ ለፈረንጅ አገር ነው" ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በረዶ የለንም፣ እውነት ነው። ግን ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ በሁለቱ መካከል የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲዞር አሉሚኒየሙ ይበላል። የውሃ ፓምፑም ሲል በዝገት ይፋጫል። በተጨማሪ ተራ ውሃ ፈስሶ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ዱካው አይታይም፤ ኩላንት ግን ቀለሙን ትቶ ይሄዳል። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ካየሁ ምርመራው አለቀ። ውሃ ብቻ የተሞላ መኪና ግን እያፈሰሰም "ውሃ ይበላል" ይባላል፤ በልቶ የት እንዳደረሰው ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለዚያ ግማሽ ቀን ደግሞ የሚከፍለኝ የለም። "ያየኸው ብቻ እኮ ነው" ይሉኛል። ለፈታሁት ይከፍላሉ፣ ሳልፈታ ላገኘሁት አይከፍሉም። መካኒኩ ለምን ቁልፍ ያበዛል ለሚለው መልሱ እዚህ ውስጥ ይመስለኛል።

ያለ ምክንያት መፍታት ደግሞ ዛሬ ይበልጥ ያስከፍላል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህን አሮጌ ሞተሮች የሚተካቸው በቀላሉ አይገኝም። በሶማሌ ተራ የሚሸጠው ቴስታታም ብዙውን ጊዜ አንዴ የተላጠ ነው።

ቴርሞስታት ስገዛ ሳልገጥም በፊት ድስት ውስጥ በቴርሞሜትር እፈትነዋለሁ። የ5ኤው 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት፤ መጽሐፉ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ ይላል፣ የእኔ ድስት ግን 92 ላይ ይፈላል። ስለዚህ መጀመሩን እንጂ መጨረሱን አላይም። አንዱ ሳይጀምርም ቀረና መለስኩት። ባለሱቁ አገላብጦ አየው፤ "ከዚህ ዕቃ ስንቱን ሸጫለሁ፣ አይሠራም ብሎ የመለሰልኝ አንተ ብቻ ነህ" አለኝ። አምነዋለሁ፤ የቀሩት ገዢዎች አውጥተው ጥለውት ይሆናላ።