ውሃና አልማዝ

ሰው ያለ ውሃ ከጥቂት ቀናት በላይ መሰንበት አይችልም። ጌጥ የሆነው አልማዝ ግን ቢቀር ሕይወት አይጓደልም። ታዲያ ውሃ ረክሶ አልማዝ የተወደደው ስለ ምንድን ነው? ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እንቆቅልሽ አንሥቶት ነበር፤ ይሁን እንጂ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝለት ቀረ።

መልሱን ለመረዳት በቤታችሁ አራት እንስራ ውሃ አለ እንበል። አንዱ ለመጠጥ፣ ሁለተኛው ለወጥ ማብሰያ፣ ሦስተኛው ለልብስ ማጠቢያ፣ አራተኛው በደጃፍ ለተተከለው አበባ ይውላል። ከአራቱ አንዱ ቢሰበር የምትተዉት የትኛውን ሥራ ነው? የተሰበረው የመጠጡ እንስራ ቢሆንም እንኳ፣ ለአበባው የታሰበውን ውሃ ትጠጣላችሁ እንጂ ተጠምታችሁ አታድሩም። እንግዲህ አራት እንስራ ላለው ሰው የአንዱ እንስራ ዋጋ ከአበባው አይበልጥም። ሦስቱ ቢሰበሩ ግን የተረፈው አንድ እንስራ የሕይወት ያህል ይከብዳል። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የተለወጠው ብዛቱ ነው። ስለዚህ ሰው ለአንድ ዕቃ የሚሰጠው ዋጋ የሚመዘነው በዕቃው ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን፣ የመጨረሻው ጭማሪ በሚያስገኘው ጥቅም ነው። ይህም ኅዳጋዊ ጥቅም ይባላል፤ ኅዳግ የገጽ ዳር ማለት ነውና ስያሜው ተስማሚ ነው። አልማዝ ጥቂት ስለሆነ የመጨረሻዋ ፍሬ እንኳ በብርቱ ትፈለጋለች።

ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ጄቨንስና ኦስትሪያዊው ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1871፣ ፈረንሳዊው ዋልራስ ደግሞ በ1874 አንዱ ከሌላው ሳይመካከር በየመጽሐፋቸው ገለጹ። ነገር ግን ጎሰን የተባለ ጀርመናዊ ቀድሟቸው ነበር። በ1854 ያሳተመውን መጽሐፍ የሚያነብለት ስላጣ፣ ያልተሸጡትን ቅጂዎች ከገበያ አስወጥቶ በ1858 ሞተ። ጄቨንስ ስለዚህ መጽሐፍ የሰማው በ1878 ነው። በተከታዩ ዓመት የራሱን መጽሐፍ ዳግመኛ ሲያሳትም፣ ጎሰን እንደ ቀደመው በመቅድሙ ላይ ሳይሸሽግ ጻፈ። የእኔ ነው ባሉት ሐሳብ ላይ እንዲህ የሚያደርጉ ሊቃውንት ብዙ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የገዢው ፍላጎትና የማምረቻው ወጪ እንደ መቀስ ስለቶች አብረው ዋጋን እንደሚወስኑ አስረዳ።

ሐሳቡ ወደ ግብር ክርክርም ገባ። መቶ ብር ለድሃው እራት፣ ለባለጸጋው ግን እንደ አራተኛው እንስራ ከሆነ፣ ባለጸጋው ከገቢው ከፍ ያለውን እጅ ቢከፍል የሚሰማው ጉዳት ያንሳል ያሉ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሮቢንስ ግን የአንዱን ሰው እርካታ ከሌላው ጋር የሚያመዛዝን ሳይንሳዊ ሚዛን የለም ሲል በ1932 ተቃወማቸው።