መውሊድ በወሎ፦ ሌሊቱ በመንዙማ የሚነጋበት በዓል

አገር ቤት ሙስሊም ጎረቤት የነበራቸው አባቶችና እናቶች መውሊድ ሲባል ያውቁታል። የነቢዩ መሐመድ ልደት መታሰቢያ ነው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ረቢአል አወል በሚባለው ወር፣ በ12ኛው ቀን ያከብሩታል። አቆጣጠራቸው በጨረቃ ብቻ ስለሚሄድና እንደ አይሁድ ሁለተኛ አዳር ስለሌለው፣ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላል።

በኢትዮጵያ በመውሊድ ስሙ የገነነው ወሎ ነው። በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው ጀማ ንጉሥ ብዙ ሕዝብ ይጎርፋል። ከብት ይታረዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱአ ይደረጋል። ሌሊቱን ድቤ እየተመታ መንዙማ ይዜማል። መንዙማው በዐረብኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ስለሚባል፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሃይማኖቱን ይማርበት ነበር።

በዓሉ ግን ሁሉንም አያስማማም። አንዳንድ ሙስሊሞች «ነቢዩ ያላዘዙት፣ ኋላ የመጣ ነገር ነው» ብለው አያከብሩትም። ሳውዲ አረቢያም በዓል ብላ ሥራ አትዘጋበትም። አክባሪዎቹ ደግሞ «ነቢዩን ማወደስ ምን ጥፋት አለው?» ይላሉ።

መውሊድ በኢትዮጵያ የመንግሥት በዓል የሆነው ከንጉሡ መውረድ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1966 ሚያዝያ፣ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ከጠየቁት አንዱ በዓላቸው በአገር ደረጃ እንዲከበር ነበር። እንግዲህ ያን ዘመን ለሚያስታውሱ ሙስሊም አዛውንቶች፣ መውሊድ የምስጋና ቀን ብቻ አይደለም፤ በገዛ አገራቸው እንደ ሰው መቆጠራቸውን የሚያዩበትም ቀን ነው።