«፱» ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?

የግዕዝ ቁጥር ዛሬ የምናገኘው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያና በመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ላይ ነው። የሱቅ ደረሰኝ በእሱ አይጻፍም፤ ተማሪም ሒሳብ አይሠራበትም። ይሁን እንጂ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ «ኢዝዲጂት» የሚሉት ትንሽ መርማሪ አለ፤ «፱»ን ቢሰጡት «አዎ፣ አሃዝ ነው» ይላል። ያንኑ «፱» ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚቀይረው ለ«ኢንት» ቢያቀብሉት ግን «ይህ አይሆንም» ብሎ ፕሮግራሙን ቀጥ ያደርገዋል። የአንድ ቤት ልጆች፣ ሁለት ቃል። ታዲያ ስህተቱ የማን ነው? የቋንቋው ወይስ በቋንቋው የሚጽፈው ሰው?

ጥያቄውን ይዘውብኝ የመጡት ልጄና የእህቴ ልጅ ናቸው። ሁለቱም ፕሮግራም ይጽፋሉ። እኔ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እነሱ ቡና ላይ ሲከራከሩ የሰማሁትን ነው። በዚህኛው ክርክር ውስጥ ግን የእኔም ሙያ ስላለበት ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ለአንድ የግል ክሊኒክ የሕፃናት ካርድ መመዝገቢያ ሠራ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የሕፃኑን ስም በአማርኛ ጻፈችና ኪቦርዱን ሳትቀይር «ዕድሜ በወር» ወደሚለው ሳጥን አለፈች። አንዳንዱ የአማርኛ ኪቦርድ የግዕዝ አሃዝም ስላለው 9 መሆን የነበረበት ፱ ሆኖ ገባ። በረኛው «ኢዝዲጂት» አሳለፈው፤ ውስጥ ያለው «ኢንት» አልቀበልም አለ፤ ፕሮግራሙ ተዘጋ። እናትየዋ ልጇን አዝላ ቆማ፣ ሠራተኛዋ ስሙንም አድራሻውንም ከሀ ጀምራ እንደገና መጻፍ።

«ይኼ የቋንቋው ባግ ነው» አለ የእህቴ ልጅ። ባለሙያዎቹ የፕሮግራምን ስህተት «ባግ» ነው የሚሉት፤ በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። «አሃዝ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ ነው አለኝ። አሃዝ ከሆነ ለምን አይቆጠርም?»

ልጄ አልተቀበለችውም። «የጠየቅኸውን መለሰልህ፤ መመሪያውን አላነበብክም እንጂ» አለችው። እውነትም ፓይተን ለዚህ ጉዳይ አንድ ሳይሆን ሦስት መርማሪዎች አሉት። «ኢዝዴሲማል» በጣም ጠባቡ ነው፤ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እየተባለ ቁጥር የሚመሠረትባቸውን አሃዞች ብቻ ያሳልፋል። የዓረቦቹን ٣ ያሳልፋል፤ «ኢንት»ም ያለ ችግር 3 ብሎ ይቀበለዋል። «ኢዝዲጂት» ሰፋ ይላል፤ ካሬ ሜትር ስንጽፍ ከፍ ብላ የምትቀመጠውን ትንሿን 2 ሳይቀር አሃዝ ይላታል። «ኢዝኑሜሪክ» ከሁሉም ይሰፋል። መመሪያው ላይ «ኢዝዲጂት» ቁጥር ለመመሥረት የማይውሉ አሃዞችንም እንደሚጨምር በግልጽ ተጽፏል።

እኔን የገረመኝ የእኛ ቁጥር ከእነዚህ የት ላይ እንደወደቀ ነው። ዩኒኮድ የሚባል የዓለም ፊደላት መዝገብ አለ፤ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ፓይተን የምልክቶችን ጠባይ የሚያውቀው ከዚህ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አሃዝ ተብለዋል፤ ፲ ግን አሃዝ አልተባለም፣ መጠን ያለው ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ «ኢዝዲጂት» ፱ን አሳልፎ ፲ን ይመልሳል! ሕፃኑ የአሥር ወር ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ «ቁጥር ያስገቡ» ብሎ በጨዋ ደንብ ይመልሳት ነበር፤ ማንም አይከራከርም።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ምክንያቱን ወዲያው ያገኘዋል። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ምልክቶቹ በጠቅላላ 20 ናቸው፦ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ከአሥር እስከ ዘጠና ሌላ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ሃያ አምስት ብሎ ለመጻፍ የሃያን ምልክት ከአምስት ጋር አቀናጅቶ ፳፭ ማለት ነው። 11 ለመጻፍ ሁለት ፩ አይደረደርም፤ ፲፩ ነው የሚባለው። 2016 ደግሞ ፳፻፲፮ ነው፤ ሃያ ጊዜ መቶ፣ አሥራ ስድስት። ምልክቱ የቆመበት ቦታ ብቻውን ዋጋ አይሰጠውም። እንግዲህ «ኢንት» እምቢ ማለቱ ትምክህት አይደለም፤ የማያውቀውን ሥርዓት ገምቶ ከመሳሳት መቆጠቡ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ቶሎ የሚረታ አይደለም። «ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ምልክት ወደ ዋጋው ቀይሬ ጎን ለጎን እቀጥላለሁ» አለ። ልጄ ወረቀት አንሥታ ፲፪ ጻፈችለት። ፲ ዋጋው 10፣ ፪ ዋጋው 2፤ ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 102!

እዚህ ላይ እኔ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ክብደቱ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ 102 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው። በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ብለን ብናሰላ ለ12 ኪሎ 180 ሚሊ ግራም ይወጣል፤ ለ102 ኪሎ 1,530። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ባለው ሽሮፕ ሲሰፈር የመጀመሪያው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለተኛው ከ60 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሙሉውን ጨርሶ ሌላ ይከፍታል። እርግጥ ልጁን በዓይኗ ያየች ነርስ ይህን አትሰጥም። ስሌቱን ለማሽን ከተውነው በኋላ ግን ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን ይኖራል ብዬ አልምልም። ያን ቀን ፕሮግራሙ መዘጋቱ በስንት ጣዕሙ አልኩ።

«እትዬ፣ እንግዲህ ፍረጂ» አለኝ የእህቴ ልጅ።

ፈረድኩ። ባግ አይደለም፤ ግን ንጹሕም አይደለም። የመርፌ ውሃ እና ፖታሲየም ክሎራይድ በሚመሳሰል ብልቃጥ የሚመጡበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ዱቄት መድኃኒት ይበጠበጥበታል፤ ሁለተኛው ሳይቀጥን ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። ብልቃጡ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ «አንብቢ» ማለት ይቻላል፤ ደግሞም ማንበብ ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን «አንብቡ» ብቻ ብሎ አልተወውም፤ ያልተበረዘው ፖታሲየም ከዋርድ መደርደሪያ ጨርሶ እንዲወጣ መክሯል። ሌሊት ሰዓት፣ የደከመ ዓይን፣ የሚጮህ ሕመምተኛ ባለበት በመለያ ጽሑፍ ብቻ መተማመን አይበቃም። «አሃዝ ነው» የሚል ስም ያለው መርማሪም እንዲሁ ነው። ቃሉ «ሒሳብ ይሠራበታል» የሚል ስለሚመስል ጀማሪው ሁሉ በር ላይ ያቆመዋል። መመሪያው ልክ ነው፤ ልጄም ልክ ናት። በር ላይ ማቆሙ ግን ልክ አይደለም።

ልጄ «በር ላይ ምን ቆመ ሳይሆን የቆመው ምን ተብሎ ተጠየቀ ነው» ስትል ሌላ ጉድ አወጣች። «ክብደት ሳጥኑም ላይ ይኸው ኢዝዲጂት ነው ያለው?» አለችው። ነው። «7.5 ስጠው እስቲ።» ሰጠው። «ቁጥር ያስገቡ» ብሎ መለሰው። ነጥቧ አሃዝ አይደለችማ! ፱ን አሳልፎ 7.5ን የሚመልስ በረኛ።

እዚህ ላይ ክርክሩ ቀዘቀዘ። ፱ ፕሮግራሙን ስለዘጋው ሁሉም ጮኸ። በ7.5 ግን ማንም አልጮኸም፤ ሳጥኑ በትሕትና እምቢ ሲል ሠራተኛዋ 8 ብላ ታልፍ ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፤ ምን ታድርግ? በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ አንድ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከ7.7 ኪሎ በታች ከሆነ ክብደቱ ከሚገባው አንሷል ይባላል። 7.5 ከመስመሩ በታች ነው፤ 8 ከመስመሩ በላይ። እናቱ ተጠርታ ስለ አመጋገቡ ልትጠየቅና ልጇ ክትትል ሊደረግለት ሲገባ «ደህና ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የእህቴ ልጅ በዚያው ማታ ላፕቶፑን ከፈተ። «ኢዝዲጂት»ን ከሁለቱም ሳጥን አወጣ። አሁን ፕሮግራሙ የተጻፈውን በቀጥታ ወደ ቁጥር ለመቀየር ይሞክራል፤ ካልሆነለት ሳይዘጋ «እባክዎ በ1፣ 2፣ 3 ይጻፉ» ይላል። ከተቀየረ በኋላም ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ የሕፃን ክብደት ሊሆን ይችላል ወይ? 102 ቢገባ አያልፍም። ከየት እስከ የት መሆን እንዳለበት ያስጻፈችው እኔ ነኝ።

የግዕዙን ነገር እንዲተወው መከርኩት፤ አልሰማኝም። ፳ና ፭ን ደምሮ፣ ፻ን አባዝቶ የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ለብቻው እየጻፈ ነው፤ ለአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ይሆናል ይላል። ባግ ነው የሚለውንም አልተወም። ልጄም አይደለም እንዳለች ናት።

ክሊኒኩ የወረቀት ካርዶቹን አልጣላቸውም ነበር። ሠራተኛዋ ከሳጥን እያወጣች፣ እያንዳንዱን ክብደት ከነነጥቡ እየመለሰች ነው። ከመስመሩ በታች የወጡት ልጆች ወላጆች ስልክ እየተደወለላቸው ነው።