ስም በውስጡ የተጻፈበት ከረሜላ

ከመንገድ የሚመለስ ሰው ለቤተ ሰቡ አንዳች ነገር ይዞ መግባቱ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ብላክፑል ለመናፈስ የሄደ እንግዳ ሲመለስ ለልጆቹ ከሚይዛቸው ስጦታዎች አንዱ እንደ አጭር በትር የረዘመ ከረሜላ ነው። ሮክ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ዓለት ማለት ነው፤ ለጥርስም ስሙ ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙውን ጊዜ ውጩ ሮዝ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጣዕሙም የናና ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም። ከረሜላው ቢሰበር በስባሪው ላይ የከተማዪቱ ስም ተጽፎ ይታያል፤ በሌላ ስፍራ ቢሰብሩትም ያው ስም ይገኛል። ተልሶ እስኪያልቅ ድረስ ጽሕፈቱ አይጠፋም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የባቡር ሐዲድ ብላክፑል የደረሰው በ1846 ነው። ከዚያ ወዲህ የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች በየከተማቸው ተራ ለዓመት ዕረፍት ሲዘጉ፣ ሠራተኛው ከነቤተ ሰቡ በባቡር እየተሳፈረ ወደ ባሕሩ ይወርድ ጀመር። በ1874 ደግሞ መንግሥት የስኳርን ቀረጥ ስላነሣ ጣፋጭ ነገር ለድኻው ኪስ ቀረበ። ፊደል ያለበት ከረሜላ ቀደም ብሎም በለንደን መንገዶች ይሸጥ እንደ ነበር ሄንሪ ሜይሂው የተባለው ጋዜጠኛ ጽፏል። የብላክፑልን ስም በከረሜላ ውስጥ ያስገባው ግን ቤን ቡሎክ የተባለ፣ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበረ ሰው እንደ ሆነና ሥራውንም በ1887 በዱዝበሪ ከተማ እንደ ጀመረ ይነገራል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ስኳርና ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪያልፍ ድረስ ይፈላል፤ ከዚያም ከሥሩ በውሃ በሚቀዘቅዝ የብረት ገበታ ላይ ይፈስሳል። ሊጡ ሳይደርቅ ይከፈላል። አንዱ ክፍል ለፊደሉና ለቅርፊቱ ቀለም ይገባበታል፤ ሌላው በመኪና እየተሳበና እየታጠፈ አየር ስለሚገባበት ነጭ ይሆናል። ፊደል ሠሪው ቀለም ያለውንና ነጩን ሊጥ እንደ ጠፍር እየቈረጠ ጐን ለጐንና አንዱን በሌላው ላይ ይደራርባል፤ የክምሩ ጫፍ ሲታይ አንድ ፊደል ይሆናል። ማዕዘን ያላቸው ፊደሎች ቅርጻቸውን ስለሚጠብቁ አስቀድመው ይሠራሉ። ክቦቹ ግን ሊጡ ለስላሳ ሳለ ስለሚጠፈጠፉ ወደ መጨረሻ ይቈያሉ። ብላክፑል ሮክ የሚለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ 13 ፊደል ሲሆን፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነው ፊደል 3 ጊዜ ይገኝበታል፤ የሠሪው ፈተና ከዚህ ላይ ነው።

ፊደሎቹ በነጩ ሊጥ ዙሪያ ተደርድረው በቅርፊቱ ሲጠቀለሉ እንደ ግንድ የወፈረ ነገር ይሆናሉ። ይህም ሳይቀዘቅዝ እየተንከባለለ፣ ፈታይ ሴት ከአመልማሎዋ ፈትል እንደምትስብ፣ ከጫፉ እየቀጠነ ይሳባል። ግንዱ ሲቀጥን ፊደሉም አብሮ ያንሳል፤ ቅርጹ ግን አይለወጥም። በመጨረሻም በልክ በልኩ ይቈረጣል። እንግዲህ ስሙ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቀው ከረሜላው ካለቀ በኋላ ስለ ተጻፈበት ሳይሆን ገና ከመነሻው ከስሙ ጋር ስለ ተሠራ ነው።

ይህ ጥበብ በዓመታት ልምምድ እንጂ በአንድ ቀን አይገኝም። በ2024 የብላክፑል አምራቾች ከቻይና በርካሽ ዋጋ የሚመጣ ከረሜላ የከተማቸውን ስም ይዞ መሸጡ እንጀራቸውን እንደሚያሳጣቸው በመግለጥ፣ ስሙ በሕግ እንዲጠበቅላቸው ጠይቀዋል። ገዢው ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ልጁም ጣፋጭ መሆኑን እንጂ አገሩን አይጠይቅም። ሆኖም ፊደል ሠሪው ሥራውን ትቶ ከሄደ በኋላ ተተኪውን የሚያስተምር አይገኝም። ስምን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ስሙን ያስከበረው እጅ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም።