ረስትን ብቻዎን ለመማር፦ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስከፍል

ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት በመጠኑ የሚያውቁ ከሆነ ረስት የሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዳለ ሳይሰሙ አልቀሩም። ከባድ ነው ሲባልም ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ክብደቱ ያለው ግን በአንድ ቦታ ላይ ነው። ያንን ቦታ አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ መምህር ሳይቀጥር፣ ኢንተርኔት ቢቆራረጥበትም፣ ቤቱ ተቀምጦ ሊማረው ይችላል።

ረስት የሲስተም ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ይህም ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚቆሙባቸው ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝ፣ ብራውዘርና የመሳሰሉት። ግሬይደን ሆር የተባለ የሞዚላ ባለሙያ እ.አ.አ. በ2006 በግሉ ጀመረው፤ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደገፈው። የመጀመሪያው የጸና እትም በ2015 ወጣ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል፣ ለረስት በሩን ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ለሠላሳ ዓመት ያህል የተጻፈው ሲ እና አሴምብሊ በሚባሉት ቋንቋዎች ነበር።

ሲ እያለ ሌላ ቋንቋ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ሚሞሪ ነው። ሚሞሪ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ዳታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በሲ ሲጽፉ ቦታውን የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት፤ ሲጨርሱ የሚመልሱትም እርስዎ ነዎት። መመለሱን ከረሱ ቦታው ይባክናል። የመለሱትን ቦታ መልሰው ከተጠቀሙ፣ ወይም ከተፈቀደልዎ አልፈው ካነበቡ፣ የሌላ ሰው ምስጢር ሊወጣ ይችላል። በ2014 የታወቀው ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ እንዲህ ያለ ነበር፦ ድረ ገጾች ምስጢራቸውን የሚጠብቁበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ የሲ ፕሮግራም ከተፈቀደው በላይ ሚሞሪ አንብቦ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2019 እንደገለጸው፣ በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደህንነት ቀዳዳዎች 70 ከመቶ ያህሉ ከሚሞሪ ስህተት የሚመጡ ናቸው። እነዚህን ፕሮግራሞች የጻፉት ሰነፎች አይደሉም። ሥራው ራሱ ለሰው ትኩረት ይበዛል።

ፓይተንና ጃቫ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈቱት። ጋርቤጅ ኮሌክተር የሚባል፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የማይፈለገውን ዳታ እየፈለገ የሚያጸዳ ክፍል አላቸው። ምቹ ነው። ነገር ግን ጊዜና ሚሞሪ ይወስዳል፤ ለከርነል ወይም ለትንሽ መሣሪያ ደግሞ ይከብዳል።

ረስት ሦስተኛ መንገድ መረጠ። ጽዳቱ መቼ እንደሚደረግ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት፣ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ ነው። ኮምፓይለር እርስዎ የጻፉትን ኮድ ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። የረስት ኮምፓይለር ከመለወጡ በፊት የባለቤትነትን ሕግ ይመረምራል። እያንዳንዱ ዳታ አንድ ባለቤት ብቻ አለው። ባለቤቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ዳታው እዚያው ይጠረጋል። ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ዳታውን ከፈለገ ወይ ባለቤትነቱን ይረከባል፣ ወይ ይዋሳል።

የዕድርን መዝገብ ያስቡ። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ አሥር አባላት ከበው ቢያነቡት ችግር የለም። አንዱ እየጻፈበት ከሆነ ግን ሌላው መጻፍም ማንበብም አይችልም፤ እስኪጨርስ ይጠብቃል። አዲስ ጸሐፊ ተመርጦ መዝገቡን ከተረከበ ደግሞ የቀድሞው ጸሐፊ ከእንግዲህ አንድ መስመር አይጨምርበትም። የረስት የባለቤትነትና የውሰት ሕግ በመሠረቱ ይኸው ነው። ከባዱም ቦታ ይኸው ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? «ስም» በሚባል ቫሪያብል ውስጥ አንድ ጽሑፍ አስቀመጡ እንበል፤ ቫሪያብል ዳታን የምንጠራበት መጠሪያ ነው። ከዚያ ጽሑፉን «ሌላ» ለሚባል ቫሪያብል ሰጡት። ቀጥለው «ስም»ን ለማተም ሞከሩ። ፓይተን ቢሆን ዝም ብሎ ያትማል። ረስት ግን ፕሮግራሙን መገንባቱን ያቆማል፤ ጽሑፉ ተላልፏል፣ «ስም» አሁን ባለቤት አይደለም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እርስዎ ግን የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ባለቤትነቱ የተላለፈው በየትኛው መስመር እንደሆነ ያሳይዎታል። ቀጥሎ የትኛው መስመር ላይ ያለአግባብ እንደተጠቀሙ ያሳያል። ብዙ ጊዜም ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ይጠቁማል። ከመልእክቱ ጋር የስህተት ቁጥር አለ፤ የዚህኛው ኢ0382 ነው። ኮምፓይለሩን የዚያን ቁጥር ማብራሪያ ቢጠይቁት ከምሳሌ ጋር ረዘም ያለ ገለጻ ይሰጥዎታል፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ብቻውን ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲ ላይ እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፍና ከወራት በኋላ ሰው እየተጠቀመበት ሳለ ይወጣል። ረስት ክፍያውን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅዎታል፣ ሲጠይቅም ምክንያቱን ያስረዳል።

ወደ ወጪው እንምጣ። ለቋንቋው ምንም ገንዘብ አይከፍሉም፤ ኮዱ ክፍት ነው። የሚከፍሉት ለኢንተርኔት ዳታ ነው። ረስትአፕ የሚባለው ጫኚ ኮምፓይለሩን፣ መጽሐፉንና ካርጎን አንድ ላይ ያመጣል፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይያዙለት። ካርጎ ፕሮግራምዎን የሚገነባና ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ዝግጁ ኮድ የሚያመጣ መሣሪያ ነው። ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የሚባለው የሲ ኮምፓይለር ካለዎት ሌላ ብዙ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ግን በተለመደው መንገድ ሲጫን የማይክሮሶፍትን የሲ ፕላስ ፕላስ መገንቢያ መሣሪያዎችም ይጠይቃል፤ እነሱ ብቻቸውን በርካታ ጊጋባይት ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው አንድ ጊዜ ያውርዱ።

ሁለተኛው ወጪ የዲስክ ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ ታርጌት የሚባል ፎልደር ይፈጠራል፣ በፍጥነትም ያብጣል። ዲስክዎ ጠባብ ከሆነ «ካርጎ ክሊን» የሚለው ትእዛዝ ያጸዳዋል። ሦስተኛው ኮምፓይል እስኪሆን መጠበቅ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሰለቻል። እየተማሩ ሳለ ፕሮግራሙን በሙሉ ከመገንባት ይልቅ «ካርጎ ቼክ»ን ይጠቀሙ፤ ስህተቱን ብቻ ፈትሾ ቶሎ ይመልስልዎታል።

ትልቁ ወጪ ግን የእርስዎ ጊዜ ነው። ቶሎ ሥራ ማግኘት ከሆነ ሐሳብዎ፣ ጃቫስክሪፕት ወይም ፓይተን አጠር ያለ መንገድ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚያጓጓዎት ከሆነ ግን በቀን አንድ ሰዓት እየሰጡ ለጥቂት ወራት ይታገሡ። በቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይበልጣል። የባለቤትነት ሕግ የሚገባው በመደጋገም ነውና።

ከየት ይጀመር? ስቲቭ ክላብኒክና ካሮል ኒኮልስ የጻፉት «ዘ ረስት ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ» የተባለ መጽሐፍ በነፃ ይገኛል። ከረስት ጋር አብሮ ስለሚጫን «ረስትአፕ ዶክ» ብለው ያለ ኢንተርኔት ይከፍቱታል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ባለቤትነትን የሚያስተምረው ምዕራፍ 4 ነው፤ እሱን አንብበው ኮዱን በእጅዎ ይጻፉ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ያንብቡት። ጎን ለጎን ረስትሊንግስ የሚባሉትን አጫጭር መልመጃዎች ይሥሩ፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኮድ ይሰጥዎትና ያስተካክላሉ።

መልሱን ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብጠይቅስ? ስህተቱ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቁት ይጠቅማል። የተስተካከለውን ኮድ ብቻ ተቀብለው ከለጠፉ ግን ለመማር የመጡበትን ነገር ዘለሉት ማለት ነው። ለጊዜው የሚዘለል ሌላ ነገር አለ፦ ላይፍታይምና ኤሲንክ የሚባሉት ርዕሶች። ሊንክድ ሊስትንም፣ ማለትም እርስ በርሱ የተያያዘ ዝርዝርን፣ በመጀመሪያው ወር አይሞክሩት። በሌላ ቋንቋ የጀማሪ መልመጃ ነው፤ በረስት ግን የባለቤትነት ሕግ ያከብደዋል። የውሰቱ ሕግ ሲያስቸግርዎ ደግሞ «ክሎን» ብለው ዳታውን ቢገለብጡት ነውር የለውም። ፍጥነቱን በኋላ ያስተካክሉታል።

ለመጀመሪያ የራስዎ ፕሮጀክት በአማርኛ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ፕሮግራም ይጻፉ። ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ግን ያስተምራል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ቢጠይቁት ረስት 9 ይላል። ረስት ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባል ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ባይትም የሚሞሪ መለኪያ ነው፤ ረስት የቆጠረው ባይቱን ነው። ፊደላቱን ራሳቸውን ለመቁጠር በ«ቻርስ» በኩል ይሂዱ፤ ያኔ 3 ይልዎታል። የመጀመሪያውን አንድ ባይት ብቻ ቆርጠው ለማውጣት ቢሞክሩ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ግማሽ ፊደል የሚባል ነገር የለምና።

ቃላቱን ሲለያዩም ባዶ ቦታን ብቻ መፈለግ አይበቃም። በሁለት ነጥብ «፡» የተለያየ የቆየ ጽሑፍ ካለዎት፣ ረስት ሁለት ነጥቡን እንደ ባዶ ቦታ ስለማይቆጥረው ሙሉው መስመር አንድ ቃል ይሆንብዎታል። ስለዚህ «፡»፣ «፣» እና «።» መለያ እንደሆኑ እርስዎ ይነግሩታል። ቀጥሎ ሐን እና ኀን ወደ ሀ የሚመልስ ትንሽ ክፍል ይጨምሩ፤ «ማች» የሚባለውን አጻጻፍ ለመልመድ ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም።

ፕሮግራሙ ትልቅ ፋይል ላይ ቢዘገይ አይደንግጡ። ካርጎ ሳይነገረው የሚገነባው ለሙከራ የሚሆነውን ዘገምተኛ ዓይነት ነው። ትእዛዙ ላይ «ሪሊዝ» የሚለውን አማራጭ ጨምረው እንደገና ይገንቡት። መገንባቱ ረዘም ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን በጣም ይፈጥናል። ፍጥነቱን ከፓይተን ጋር ሲያወዳድሩ በዚህኛው ይለኩ።